ልብ ሲሸፍት ባንዲራ የሚወርደው መጨረሻ ነው

ዲሴምበር 6 ቀን 1978 ስፔን አዲሱን ሕገ መንግሥቷን ለሕዝብ ድምፅ ስታቀርብ፣ ካታሎኒያ በተባለችው ክልሏ ውስጥ ድምፅ ከሰጠው ሰው 90.46 ከመቶው «ይጽደቅ» አለ። የዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የስፔን አንድነት የማይፈርስ ነው ይላል። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 እዚያው ካታሎኒያ ውስጥ «በሪፐብሊክ መልክ ነፃ መንግሥት እንሁን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከተቆጠረው ድምፅ 90.18 ከመቶው «አዎ» ሆነ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «በ39 ዓመት ውስጥ አንድ ሕዝብ ተገለበጠ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በ1978 ከመራጩ 68 ከመቶ ገደማው ወጥቶ ነበር፤ በ2017 የወጣው 43 ከመቶ ነው። የመጀመሪያው 90 የሞላው ወዲህም ወዲያም የሚያስበው ሰው ወጥቶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «አይሆንም» ባዩ አብዛኛው ቤቱ ተቀምጦ ነው።

ለዚህ ነገር «ብሔራዊ ታማኝነት» ከሚለው የመጽሐፍ ቃል ይልቅ «ልቡ ሸፍቷል» የሚለው አነጋገራችን ይስማማዋል። ልቡ የሸፈተ ሰው ጫካ አይገባም። ግብሩን ይከፍላል፣ መንጃ ፈቃዱን ያሳድሳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ የሀገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ሲሸነፍ ግን ምንም አይመስለውም። ማዕከላዊ መንግሥት ነገሩን የሚያውቀው ባንዲራ ሲወርድ ወይም ኮሮጆ ሲቀመጥ ነው። በዚያን ጊዜ የልቡ ሥራ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። የካታሎኒያን ጉዳይ ከባርሴሎና ሰልፍ ሳይሆን ከትንንሾቹ ከተሞች ጀምሮ ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

አሬኝስ ደ ሙን ከባርሴሎና በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ማሬስሜ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አውራጃ፣ ከባሕሩ ወደ ኮረብታው ትንሽ ገባ ብላ ያለች ወደ 8,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2009 እዚህች ከተማ ውስጥ ስለ ነፃነት ሕጋዊ ዋጋ የሌለው የሕዝብ ምክክር ተደረገ። ሐሳቡን ያመነጨው የአካባቢው ሰዎች ማኅበር ነበር፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ደግፎ አጸደቀው። የማዕከላዊ መንግሥት ጠበቃ ጉዳዩን ባርሴሎና ያለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ዳኛው የምክር ቤቱን ውሳኔ አገደ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹንም ሠራተኛውንም መስጠት አይችልም ማለት ነው። አዘጋጆቹ ሳጥኖቹን ወደ ግል አዳራሽ አዛወሩና በበጎ ፈቃደኛ አስቆጠሩ። በዚያው ቀን የአምባገነኑ የፍራንኮ ዘመን ርዝራዥ የሆነው ፋላንኼ የተባለ ፓርቲ በከተማዋ ሰልፍ እንዲወጣ ተፈቀደለት። ምክክሩ ታግዶ ሰልፉ መፈቀዱ ለአዘጋጆቹ በገንዘብ የማይገዛ ቅስቀሳ ሆነላቸው። ከዚያ በፊት አሬኝስ ደ ሙን ካርታ ላይ የት እንዳለች የማያውቀው ሁሉ በዚያ ሳምንት ስሟን ሰማ።

ውጤቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ድምፅ የሰጠው 2,671 ሰው ነው። «አዎ» 2,569፣ «አይሆንም» 61፣ ባዶ 29፣ የተበላሸ 12። ጋዜጦች ሁሉ «96 ከመቶ» ብለው አወጡት። መዝገብ ላይ የነበረው ሰው ግን 6,500 ያህል ነው፤ ስለዚህ የወጣው 41 ከመቶ፣ «አዎ» ያለው ደግሞ ከጠቅላላው 39 ከመቶ ገደማ ነው። ሌላም ነገር አለ። መዝገቡ 16 ዓመት የሞላቸውንና ዜግነት የሌላቸውን ነዋሪዎች ጭምር ይዟል። በመደበኛው ምርጫ የማይመርጥ ሰው መዝገቡ ላይ ሲጨመር የታችኛው ቁጥር ያድጋልና ከመቶው ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ወጣቱ ለነፃነት የሚያደላ ከሆነ የ«አዎ»ው ቁጥር ከፍ ይላል። ሁለቱንም ሳያስተካክሉ ይህን ውጤት ከምክር ቤት ምርጫ ውጤት ጋር ማወዳደር ገብስን በስንዴ መስፈሪያ እንደ መስፈር ነው።

61 የሚለው ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ ይናገራል። በአንዲት 8,000 ሰው ባለባት ከተማ ስፔንን የሚወድ 61 ሰው ብቻ ነው ማለት አይደለም። ተቃዋሚው «ሕገወጥ ነው፣ ከሄድኩ እውቅና እሰጠዋለሁ» ብሎ ቀረ። መንግሥት የከለከለው ድምፅ ሁሉ ይህ ጠባይ አለው፤ ታማኙ ሕግ አክብሮ ቤቱ ይቀመጣል፣ የሸፈተው ወጥቶ 96 ከመቶ ይሆናል። በተቃራኒው ለንደን ከኤድንብራ ጋር ተስማምታ በ2014 ስኮትላንድ ላይ ሕጋዊ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከመራጩ 84.6 ከመቶው ወጣ፤ 55.3 ከመቶውም «አይሆንም» አለ። ክልከላው ማድሪድን የጎዳት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የራሷን ደጋፊ ቁጥር ራሷ ደበቀችው።

ከአሬኝስ ደ ሙን በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ ተያያዘ። ዲሴምበር 13 ቀን 2009 ከ160 በላይ ከተሞችና መንደሮች በአንድ ቀን ተመሳሳይ ምክክር አደረጉ። እስከ ኤፕሪል 2011 ድረስ በየዙሩ ከ500 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ተዳረሱ፤ የመጨረሻዋ ባርሴሎና ነበረች። ከተማው በሰፋ ቁጥር የሚወጣው ሰው ድርሻ እያነሰ ሄደ። በዲሴምበሩ ዙር 30 ከመቶ እንኳ አልሞላም፣ ባርሴሎና ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነው የወጣው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ከሌሎች የስፔን ክልሎች፣ ከአንዳሉሲያ፣ ከኤክስትሬማዱራና ከሙርሲያ ለፋብሪካ ሥራ የመጣው ሕዝብ የሰፈረው በባርሴሎና ዙሪያ ቀበቶ ነው፤ ሎስፒታሌት፣ ኮርኔያ፣ ሳንታ ኮሎማ። የእነዚህ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ካታላንኛውን በትምህርት ቤት አጥርተው ያውቁታል፤ ቤታቸው የሚነገረው ግን ስፓኒሽ ነው፣ አያታቸውም የተቀበሩት ሃየን ወይም ካሴሬስ ነው። በ2018 የቋንቋ አጠቃቀም ጥናት «የዘወትር ቋንቋዬ ስፓኒሽ ነው» ያለው 48.6 ከመቶ፣ «ካታላንኛ ነው» ያለው 36.1 ከመቶ ነበር። የድምፁን ካርታና የቋንቋውን ካርታ ብትደራርቧቸው ብዙ ቦታ ይገጣጠማሉ።

ልቡ ከየት ጀመረ? ብዙ ሰው ፍርድ ቤቱን ይጠቅሳል፣ እውነትም ነው። እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ በፊት ባቡሩን አስቀድማለሁ። በ2007 ጁላይ ላይ ባርሴሎና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ከ300 ሺህ በላይ ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ዋለ፤ አንዳንዱ ሰፈር ለቀናት። በዚያው ዓመት መከር ላይ ለፈጣኑ ባቡር የሚሠራው ግንባታ ከከተማዋ በስተደቡብ መሬቱን አሰመጠና የሰው ማመላለሻ ባቡር መስመሮች ለሳምንታት ተዘጉ። ሮዳሊስ የሚባለው ይህ ባቡር ለሠራተኛው እንደ እኛ ሀገር የጠዋት ታክሲ ነው፤ ከቀረ ሥራ ቀረ። ዲሴምበር 1 ቀን 2007 ባርሴሎና ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጣ። መፈክሩ «ብሔር ነን፣ በቃን እንላለን፤ በመሠረተ ልማታችን ላይ የመወሰን መብት አለን» የሚል ነበር። «የመወሰን መብት» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ ነፃነት የተባለችውም ይህችው ናት፤ በዚያ ቀን ግን ሰልፍ ይዛ የወጣችው ለባቡር ነበር።

መንግሥት መልስ ሰጠ፤ አሰጣጡ ግን ነገሩን አባሰው። ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ የሮዳሊስ አስተዳደር ለካታሎኒያ ክልል ተላለፈ ተባለ። የተላለፈው ሰዓት የማውጣትና ታሪፍ የመወሰን ሥልጣን ነው። ባቡሩና ሾፌሩ የሬንፌ ሆነው ቀሩ፣ ሐዲዱና ምልክቱ ደግሞ የአዲፍ፤ ሁለቱም የማዕከላዊ መንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ጠዋት ባቡር ሲዘገይ ክልሉ «ሐዲዱ የማድሪድ ነው» ይላል፣ ማድሪድ «አስተዳደሩ የናንተ ነው» ትላለች። ተሳፋሪው በመሀል ቆሞ ሁለቱንም ይሰማል። ሥልጣንን ለሁለት ከፍሎ መሣሪያውን አንዱ ዘንድ ማስቀረት እንደዚህ ያለ ፍሬ ነው ያለው፤ ኃላፊነት ያለበት አካል እንዳይገኝ ያደርጋል፣ ቁጣውም ሁልጊዜ ወደ ሩቁ ይሄዳል። ለአንድ የማሬስሜ ነዋሪ ማድሪድ ሩቅ ናት።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። የካታሎኒያ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2005 አዲስ የራስ ገዝ ሕግ በ135 መቀመጫ 120 ድምፅ አጸደቀ። የስፔን ፓርላማ ከለሰውና ቀነሰለት፣ ግን አሳለፈው። ጁን 18 ቀን 2006 ለካታሎኒያ ሕዝብ ቀረበና 74 ከመቶ ገደማ ደገፈው፤ የወጣው ሰው ግን ግማሽ አልሞላም፣ እሱም ማስታወስ የሚገባው ምልክት ነበር። ከዚያ ተቃዋሚው የሕዝብ ፓርቲ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤት አለ። ውሳኔው የመጣው ጁን 28 ቀን 2010 ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላ ሲል። በመሀሉ ከ12ቱ ዳኞች አንዱ በ2008 ሞተው ምትክ አልተሾመላቸውም፤ ሌላው ቀደም ሲል ለክልሉ ጥናት ጽፈዋል ተብለው ከጉዳዩ ተነሥተዋል፤ የጥቂቶቹም የሥራ ዘመን አልፎ ነበር። ፍርድ ቤቱ 14 አንቀጾችን በሙሉ ወይም በከፊል ሻረ፣ 27ቱን ደግሞ «እንዲህ ተብለው ከተተረጎሙ ብቻ» ብሎ አስቀራቸው። መግቢያው ላይ ያለችው «ብሔር» የምትለዋ ቃል ሕጋዊ ውጤት የላትም አለ። በሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ካታላንኛ «ቅድሚያ» ይኑረው የምትለዋም ቃል ተሰረዘች።

የሕግ ባለሙያ የአንቀጾቹን ይዘት ሊከራከርበት ይችላል። ሰውን ያስቀየመው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ፓርላማው ቀነሰ፣ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ሰረዘ። ሰው የድምፁ ወረቀት በዳኛ እስክሪብቶ ሲሰረዝ ካየ የአንቀጹን ቁጥር አያነብም። ስፔን ራሷ ስሕተቱን በ2015 አምናለች፤ ባወጣችው ሕግ የራስ ገዝ ደንብ ሕዝበ ውሳኔ ከመደረጉ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ የሚፈቅደውን አሠራር መለሰች። ማስተካከያው ትክክል ነው። አምስት ዓመት ዘግይቷል እንጂ።

ገንዘቡን ባጭሩ ልበለው፤ ሰው ከሚያስበው በላይ የተድበሰበሰ ነውና። የባስክ ክልል ግብሩን ራሱ ሰብስቦ ለማድሪድ ድርሻ ይልካል፤ ካታሎኒያ ግን በጋራው ሥርዓት ውስጥ ነች፣ ዋናውን ግብር ማድሪድ ሰብስባ መልሳ ታካፍላለች። «ስንት እንሰጣለን፣ ስንት ይመለስልናል?» ለሚለው ሁለት አቆጣጠር አለ። አንደኛው ብሩ የት ቦታ ወጣ ብሎ ይቆጥራል፤ በዚህ ማድሪድ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ለካታሎኒያ ምንም አያደርግም እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የአገልግሎቱ ጥቅም ለማን ደረሰ ብሎ ያካፍላል። ለ2011 ክልሉ በመጀመሪያው መንገድ ቆጥሮ ከክልሉ አጠቃላይ ምርት 8 ከመቶ የሚጠጋ ይወጣል አለ፤ ማዕከላዊ መንግሥት በራሱ ቀመር ከ4 ከመቶ ትንሽ በላይ አደረገው። ሁለቱም በሒሳብ አልዋሹም። «ማድሪድ ትዘርፈናለች» የሚለው መፈክር የቆመው በመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሲከራከሩ አንዱ በአንደኛው ሌላው በሁለተኛው ሲያወሩ ብትሰሙ አይግረማችሁ።

ልብ ከሸፈተ በኋላ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይገባል። እዚህ ነው ነገሩ እጅግ የሚያስገርመኝ፤ አብዮቱ በመዝገብ ቤት ነው የተካሄደው። ሴፕቴምበር 2012 ላይ ሳንት ፔሬ ደ ቶረዮ የተባለች ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ራሱን «ነፃ የካታላን ግዛት» ብሎ አወጀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በማግሥቱ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ቆሻሻ ይነሣል፣ ውሃ ይመጣል። ግብሩን ግን እንዲህ አደረጉት። ማንኛውም ማዘጋጃ ቤት እንደ ቀጣሪ ከሠራተኛው ደመወዝ የገቢ ግብር ቆርጦ በየጊዜው ሞዴል 111 በሚባለው ቅጽ ለማዕከላዊው ግብር ሰብሳቢ ያስገባል። እነዚህ ከተሞች ቅጹንና ገንዘቡን ለካታሎኒያ የግብር ኤጀንሲ አስገቡ፤ ኤጀንሲው ተቀብሎ ወዲያው ለማድሪድ አስተላለፈ። ማድሪድ አንድ ሳንቲም አልጎደለባትም። ሕግ አልተጣሰም ማለት ይቻላል፤ ነዋሪው ግን «ግብራችን ለካታሎኒያ ነው የሚከፈለው» እያለ ይኖራል። የመንግሥት ለውጥ ልምምድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባንዲራውም ሥርዓት አለው። በ1981 የወጣው 39ኛው ሕግ የስፔን ባንዲራ በሕዝብ ሕንፃዎች ሁሉ ላይ በክብር ቦታ እንዲውለበለብ ያዛል። የ1986ቱ የማዘጋጃ ቤቶች ደንብ ደግሞ የንጉሡ ምስል በምክር ቤቱ አዳራሽ ጎላ ባለ ቦታ እንዲሰቀል ይጠይቃል። ስለዚህ ተቃውሞው ምሰሶውን ባዶ መተው፣ የክልሉን አራት ቀይ መስመር ባንዲራ ብቻ መስቀል፣ ወይም ኮከብ ያለበትን ኤስቴላዳ ማውጣት ሆነ። ማዕከላዊ መንግሥት ባርሴሎና ባለው ወኪሉ በኩል ይከሳል፣ ፍርድ ቤት ያዛል፣ ባንዲራው አንድ ጊዜ ይመለሳል፣ ካሜራው ሲሄድ ይጠፋል። በምርጫ ሰሞን ነገሩ ከበድ ይላል፤ የምርጫ ቦርዱ የወገን ምልክት ከሕዝብ ሕንፃ እንዲወርድ ያዛል። የቤርጋ ከተማ ከንቲባ ኤስቴላዳውን አላወርድም ብላ ፍርድ ቤት ሳትቀርብ በመቅረቷ በ2016 ፖሊስ ይዟት ሄደ። የክልሉ ፕሬዚዳንት ኪም ቶራ ራሱ በ2019 ምርጫ ሰሞን ከቤተ መንግሥቱ ላይ ጨርቅ አላወርድም በማለቱ በ2020 ከሥልጣን ወርዷል። ለአንድ ጨርቅ! ግን ተመልከቱት፤ ማድሪድ የምታሸንፈው ጨርቁን ነው፤ ልቡን አይደለም።

ከተሞቹ የነፃነት ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር የሚባል ነገር በዲሴምበር 2011 ቪክ ከተማ ላይ መሠረቱ። ከ947ቱ የካታሎኒያ ማዘጋጃ ቤቶች ከ700 በላይ አባል ሆኑ። ይኼ ደግሞ ሌላው የቁጥር ወጥመድ ነው። ካርታው ላይ ካታሎኒያ በሙሉ የቀለመች ትመስላለች። ነገር ግን 300 ሰው ያለበት የፒሬኔ መንደር አንድ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ያለበት ሎስፒታሌትም አንድ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከብትን በበረት ቁጥር እንደ መቁጠር ነው።

ታዲያ በምን እንቁጠር? የካታሎኒያ የሕዝብ አስተያየት ማዕከል ለዓመታት ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው «ካታሎኒያ ምን ትሁን?» ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል፤ ክልል፣ ራስ ገዝ፣ በፌዴራል ስፔን ውስጥ ያለ መንግሥት፣ ነፃ መንግሥት። ሁለተኛው ቀጥታ ነው፤ ነገ ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግ አዎ ወይስ አይ? በኖቬምበር 2012 በአንድ ጥናት፣ ለእነዚያው ሰዎች ሁለቱም ጥያቄ ቀረበ። በአራቱ ምርጫ «ነፃ መንግሥት» ያለው 44 ከመቶ ነው፣ በቀጥታው «አዎ» ያለው 57 ከመቶ። የ13 ነጥብ ልዩነት። እነዚህ ሰዎች ፌዴራሊዝም ቢሰጣቸው የሚወስዱ፣ ካልተሰጣቸው የሚሄዱ ናቸው። ለመንግሥት ዋናው ቁጥር ይህ ልዩነቱ ነው፤ ገና የሚመለሰው ልብ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። የአራቱ ምርጫ መልስ በ2006 ወደ 15 ከመቶ ነበር፣ በኖቬምበር 2013 48.5 ደረሰ። በሰባት ዓመት ሦስት እጥፍ።

ከዚያ ጎን ሌላ ጥያቄ አለ፣ የማንነት ጥያቄ። «ስፔናዊ ብቻ፣ ከካታላን ይልቅ ስፔናዊ፣ እኩል ሁለቱንም፣ ከስፔናዊ ይልቅ ካታላን፣ ካታላን ብቻ» ከሚሉት አንዱን ምረጥ ይላል። ነፃነት ሽቅብ ሲወጣ እንኳ «እኩል ሁለቱንም» የሚለው ትልቁ ቡድን ሆኖ ቆይቷል። «ሁለቱንም ነኝ» እያለ ለመገንጠል ድምፅ የሚሰጥ ሰው አለ ማለት ነው። ማንነቱ አልተለወጠም፤ በመንግሥቱ ላይ ያለው እምነት ነው ያለቀው። ታማኝነትን በማንነት መለኪያ የሚለካ ሰው ይህን ሰው ጨርሶ አያየውም።

2017ን ብዙ አልዘረዝረውም፤ ሁሉም አይቶታል። የማይታወቀው የሎጂስቲኩ ነገር ነው። 10 ሺህ ገደማ የፕላስቲክ ኮሮጆ ከቻይና ተገዝቶ፣ ከድንበሩ ማዶ ፈረንሳይ ውስጥ ኤልና አካባቢ ተደብቆ፣ በየሰው ቤትና በየመኪናው ኋላ ገባ። የስፔን ፖሊስ ሲፈልግ ከርሞ ኮሮጆዎቹ ከሚገቡበት መንገድ አንዱንም ሳይደርስበት ቀረ። ይህ በጎረቤት የማይከዳ ማኅበረሰብ ካልሆነ አይሠራም፤ ልብ ምን ያህል እንደሸፈተ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ድምፁ ራሱ ግን ያዘጋጆቹ ድክመት አለበት። ጣቢያዎች ሲዘጉ መራጩ በየትኛውም ጣቢያ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ መዝገቡ በኢንተርኔት ስለነበረና ግንኙነቱ እየተቋረጠ ስለነበር ድርብ ድምፅን መቆጣጠር አስቸጋሪ ሆነ። 2,286,217 ሰው ድምፅ ሰጠ የተባለው ቁጥር በዓለም አቀፍ ታዛቢ ሚዛን የማይቆመው ለዚህ ነው። ማድሪድ በበኩሏ ፖሊስ ልካ ሰው ስታስደበድብ ያን ድክመት ሁሉ ሸፈነችላቸው። ከዚያ ዲሴምበር 21 መደበኛ ምርጫ ተደረገ፤ 79 ከመቶው ወጣ፣ ነፃነትን የሚደግፉት ፓርቲዎች 47.5 ከመቶ ድምፅና 70 መቀመጫ አገኙ። እውነተኛው ቁጥር ይህ ነው፤ 90ም አይደለም፣ ጥቂት ጮኾ አዳሪዎችም አይደሉም።

የተገንጣይ ተገንጣይም አለ። ቫል ዳራን ከፒሬኔ ተራሮች ሰሜናዊ ገጽ ላይ ያለች፣ 10 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ሸለቆ ናት፤ ወንዟ ወደ ፈረንሳይ ይፈሳል፣ ቋንቋዋ ኦክሲታን ነው። የካታሎኒያ ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ሕግ የአራን ሕዝብ በወደፊት ዕጣው ላይ የመወሰን መብት እንዳለው አውቋል። ማድሪድን የሚጠይቁትን ለራሳቸው ታናሽ ማጽደቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ለእኛ አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በሩን በጽሑፍ ከፍቶታል፤ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት በሕግ ይከፈላል። የስፔን በር በጽሑፍ ተዘግቷል። ሁለቱን ያየ ሰው በሩ መከፈቱም መዘጋቱም ብቻውን ልብን እንደማይይዝ ይረዳል።

ከ2017 በኋላ ምን ሆነ? ዘጠኝ የነፃነት ንቅናቄው መሪዎች በ2019 ከ9 እስከ 13 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2021 ይቅርታ ተደረገላቸው፣ በ2024 ደግሞ አጠቃላይ የምሕረት ሕግ ወጣ። በቀጥታው ጥያቄ «አዎ» የሚለው ወደ 40 ከመቶ ወረደ፣ «አይ» ከግማሽ በላይ ሆነ። በሜይ 2024 ምርጫ የነፃነት ፓርቲዎች አብላጫውን አጡ። ማድሪድ ያሉ ተንታኞች «ታማኝነቱ ተመለሰ» አሉ። አልተመለሰም። በ2021 ነፃነት ደጋፊዎቹ ከግማሽ በላይ ድምፅ ሲያገኙ የወጣው መራጭ 51 ከመቶ ገደማ ነበር፤ ያኔ ቤቱ የቀረው ታማኙ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሸፈተው ራሱ ከመሪዎቹ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ መቅረት ጀመረ። ከመገንጠል የወጣ ልብ ስፔን ውስጥ አልገባም፤ ሜዳ ላይ ነው ያለው። የተወሰነው ወደ ሌላ ቁጣ ሄዷል፤ በ2023 ሪፖይ ከተማ ላይ ከንቲባነቱን የያዘው ፓርቲ ነፃነትንም ስደተኛ ማባረርንም አንድ ላይ ይሰብካል።

ባቡሩስ? በኖቬምበር 2023 የሶሻሊስቱ መንግሥት ሥልጣን ለመያዝ የካታላን ፓርቲዎች ድጋፍ ሲያስፈልገው፣ ከዋጋው አንዱ ሮዳሊስን በእውነት ማስተላለፍ ሆነ። በ1848 የተከፈተው፣ በስፔን ዋና ምድር የመጀመሪያው የሆነው የባርሴሎና–ማታሮ ሐዲድ ዛሬ R1 የሚባለው የሮዳሊስ መስመር አካል ነው፤ መስመሩ ከአሬኝስ ደ ሙን ግርጌ፣ በባሕሩ ጠርዝ ያልፋል። ጠዋት ባቡሩ ሲዘገይ መድረኩ ላይ የቆመው ተሳፋሪ ስልኩን አውጥቶ የሚረግመው ስም ተለውጦ እንደሆነ ማንም የአስተያየት ማዕከል ገና አልጠየቀውም።